ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፦ ስለ ልዑል ራስ እምሩና ስለምትልኳቸው ሰዎች

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ፖለቲከኞች አምባሳደር ሆነው ሲላኩ ምክንያቱ ለሕዝብ እንዲነገር፣ ሲመለሱም ያዩት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም። የሚነቀፍ ዘመድም የሚሾም ወዳጅም እናንተ ዘንድ የለኝም። ታሪክ ማንበብ የምወድ፣ ግብሬን የምከፍል ዜጋ ነኝ።

የአምባሳደሮች ሹመት በምሽት ዜና ሲነበብ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ማን የት እንደተመደበ አይደለም። «እሱን ደግሞ ለምን አራቁት?» ነው የሚለው። ትናንት ሚኒስትር የነበረ ወይም ክልል ያስተዳደረ ሰው ስሙ ከዝርዝሩ ብቅ ሲል፣ ታክሲ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ «ሹመት ያዳብር» ከማለቱ በፊት «ተጣሉ ማለት ነው» ይላል። ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ስህተትም ሊሆን ይችላል። እናንተ ምንም ስለማትሉ የታክሲው ወሬ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። የሚጎዳውም ተሿሚው ነው። ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር የተባረረ ሰው ተደርጎ ይታያል።

ወሬው የዛሬ አይደለም። ከሁሉም በላይ በደንብ ስለሚያሳይልኝ የአንድ ሰው ታሪክ ላንሳ፤ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን። ትንሽ ረዘም ይልብኛልና ታገሡኝ።

እምሩ በ1885 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ጉርሱም ተወለዱ። ከተፈሪ መኮንን ጋር ዘመዳሞች ብቻ አልነበሩም። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተማሩ ናቸው። ተፈሪ ሥልጣን ሲጨብጡ እምሩም ተከተሉ። ሐረርን አስተዳደሩ፣ ወሎን አስተዳደሩ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ሲነሡ ጎጃም ለእሳቸው ተሰጠ። ጎጃሜው ከራሱ ባላባት ውጭ ሰው ተሹሞበት ደስ አላለውም። ያንን አገር ይዞ መቆየት በራሱ ዲፕሎማሲ ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጣሊያንን ገጠመ። በታንክ የታጀበ ኃይል ነበር፤ ወታደሮቻቸው ታንኩ ላይ እየወጡ ተናነቁት። ጣሊያንም ወደ ኋላ አፈገፈገ። በየካቲት ሽሬ ላይ ግን የአውሮፕላኑና የመድፉ ብዛት ጦሩን በተነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉት እሳቸውን ነው። ጎሬ ላይ ሆነው፣ በኋላም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር፣ ክረምቱን ተሟገቱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

ጣሊያን ወስዶ ፖንዛ በምትባል ደሴት አሰራቸው። (አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ያሳሰራቸው ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ታስሮ የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት ነው። የእግዜር ሥራ አይታወቅም።) በኋላ ደራሲና ዲፕሎማት የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁም ከእሳቸው ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን የታሰሩ ናቸው። የኢትዮጵያ የውጭ አገልግሎት ከጦርነቱ በኋላ ሲቋቋም ከእስር ቤትና ከስደት የተመለሱ ሰዎች ብዙ ነበሩበት። ዛሬ ይህ ይረሳል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚመጣው። አገሩን እንደራሴ ሆኖ የጠበቀ፣ ሦስት ጠቅላይ ግዛት ያስተዳደረ፣ ከንጉሡ ጋር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚተዋወቅ ሰው ከእስር ሲመለስ የት ይቀመጣል? ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚል ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ዋሽንግተን ተላኩ። እስከ 1953 ቆዩ። ወዲያው ደግሞ ከ1954 እስከ 1959 ኒው ደልሂ። የእድሜያቸው ከ50ዎቹ አጋማሽ እስከ 60ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ፖለቲከኛ ልምዱም ጉልበቱም አንድ ላይ የሚገኝለት ጊዜ፣ ከአገር ውጭ አለፈ። ስለ መሬትና ስለ ጭሰኛ የነበራቸው አስተያየት ለመኳንንቱ አይመችም ነበር። የራሳቸውን መሬት ለገበሬዎች ማከፋፈላቸው ይነገራል፤ «ቀዩ ራስ» የሚል ስምም ወጥቶላቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አርቀዋቸው ነው» አለ። ዛሬም ይላል።

እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ መራቃቸው አይደለም። ከራቁ በኋላ የሠሩት ነው።

መስከረም 1941 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር መስከረም 1948። የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ዋሽንግተን ላይ ያከብራል። ቦታው ኮንስቲቲዩሽን ሆል ነው። ይህ አዳራሽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጥቁር አሜሪካዊቷን ድምፃዊት ማሪያን አንደርሰንን አላዘፍንም ያለ አዳራሽ ነው። የዚያን ምሽት ተናጋሪ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው። ዲፕሎማቶች ተጋብዘዋል፤ ለእነሱ የተከለለ ቦታም አለ። የኢትዮጵያው ሚኒስትር፣ ያኔ ውክልናችን ከኤምባሲ ዝቅ በሚለው በሌጋሲዮን ደረጃ ስለነበር «ሚኒስትር» ነው የሚባሉት፣ ሄደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ አስተናጋጅ መጣና ከዚያ ተነስተው ሌላ ቦታ እንዲቀመጡ ጠየቃቸው። ምክንያቱ ቀለማቸው ነበር።

አስቡት። በጣሊያን ታንክ ፊት የቆመ ሰው ነው። የአገሩ እንደራሴ የነበረ ሰው ነው። ደሴት ላይ ታስሮ የኖረ ሰው ነው። አሁን ደግሞ አንድ አስተናጋጅ ወንበር ያስለቅቀዋል።

ራስ እምሩ የተሰጣቸውን ሌላ ወንበር አልተቀበሉም። አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሥርዓት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ቅሬታዋን አቀረበች፤ ጋዜጦች ጻፉት፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይቅርታ ጠየቀ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ወደ ኤምባሲ ደረጃ አደገ፤ እሳቸውም አምባሳደር ሆኑ። እኔ ታሪኩን ያመጣሁት ይቅርታውን ለመቁጠር አይደለም። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ መብላት የማይችልበት ቦታ ሞልቶ ነበር። ምግብ ቤቶች በቀለም ምክንያት ደንበኛ እንዳይመልሱ የበላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1953 ነው፤ የእሳቸው የዋሽንግተን አገልግሎት በሚያበቃበት ዓመት ማለት ነው። ሰባት ዓመት በዚያች ከተማ፣ በዚያ ቀለም፣ የአንድ ነፃ አፍሪካዊ አገር ወኪል ሆኖ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሌላ በኩል በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ወደ ኮርያ ቃኘው ሻለቃን ላከች፤ የኤርትራ ጉዳይም በተባበሩት መንግሥታት ይታይ ነበር። ትንሽ አገር ትልቅ አገር ደጃፍ ላይ ብዙ ጉዳይ የነበራት ዘመን ነው።

ለዚህ ነው «ፖለቲከኛ አምባሳደር አይሁን» ከሚሉት ጋር የማልስማማው። ከፖለቲካ የመጣ ሰው አንዳንዴ ሙያተኛው የሌለው ነገር አለው። ክብደት። አገር ሲናወጥ አይቷል፣ ውሳኔ ወስኗል፣ በውሳኔው ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ተነስቶ መውጣት እንዳለበት ከማንዋል አይማርም። ሙያተኞቹ ሲቆጡ ደግሞ እውነት አላቸው። ከሦስተኛ ጸሐፊነት ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ኖት ቨርባል (መንግሥታት የሚለዋወጡትን ይፋ ማስታወሻ) ሲያረቅ የኖረ ዲፕሎማት፣ የአምባሳደርነቱ ወንበር ሲደርሰው አንድ ከካቢኔ የተነሣ ሰው መጥቶ ሲቀመጥበት ማየቱ ያማል። ያንን ሕመም የምታክሙት እናንተ ናችሁ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ትንሽ ለየት ይላል።

ወደ ደልሂ ልመለስ። ራስ እምሩ ሕንድ በነበሩበት ጊዜ ሕንድ ምን እያደረገች እንደነበር አስታውሱ። የኔህሩ ዘመን ነው። የሕንድ ክልሎች በሕግ ላይ ሕግ እያወጡ ዘሚንዳር የሚባሉትን ባለርስቶች ያነሡ ነበር። መሬት ከባለርስቱ ወደ አራሹ እንዴት እንደሚሻገር፣ የት እንደሚሳካ፣ የት እንደሚጭበረበር፣ ሁሉም በዓይን የሚታይ ነበር። የእኛ አምባሳደር ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ላይ አስተያየት ያላቸው፣ ሦስት ጠቅላይ ግዛት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ከዚህ የተሻለ ታዛቢ ከየት ይመጣል? የሐረር ጦር አካዳሚም በዚያው ዘመን በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ሕንድን ጎበኙ። እሳቸው በተቀመጡበት ደልሂ ላይ ነው ይህ ሁሉ የሚያልፈው።

ታዲያ ያዩት የት ደረሰ? አዲስ አበባ ውስጥ የመሬት ጉዳይ አልተነካም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ በሬዲዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ያወጁት ራስ እምሩን ነው። እሳቸው በሴራው እጃቸው እንዳልነበረበት ይታመናል፤ ንጉሡም አልቀጧቸውም። ግን ልብ በሉ፤ መንግሥት ያልተጠቀመበትን ሰው አማፂዎቹ ያስታውሱታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1966 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ዙፋኑ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ጠቅላይ ሚኒስትር የተደረጉት የራስ እምሩ ወንድ ልጅ፣ ልጅ ሚካኤል እምሩ ናቸው። እሳቸውም ከውጭ ጉዳይ ቤት የመጡ ናቸው። ጊዜው አልፎ ነበር። ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ መኳንንቱን ያጠፋው ደርግ ራሱ በመንግሥት ሥርዓት ቀበራቸው። ማስታወሻቸው የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ደግነቱ ጽፈው ነበር።

ሁሉም አይጽፍም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

አቶ ሥዩም መስፍንን እንውሰድ። ከ1983 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ፣ 19 ዓመት ያህል፣ የእናንተን ቤት መርተዋል። ከዚያ ቤይጂንግ አምባሳደር ሆነው ሄዱ፤ ደቡብ ሱዳን እርስ በርሷ ስትዋጋም የኢጋድ ዋና አደራዳሪ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ተገደሉ። የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ብዙ ነው፤ ያንን ዛሬ አልከፍተውም። ግን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ በወጣ ጊዜ ባድመ ለእኛ ተወሰነች ብለው ለሕዝብ ሲያበስሩ፣ እኛም ስንጨፍር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ምን ወረቀት ነበር? ካርታውን ያነበበው ማን ነው? በኋላ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑ ሲታወቅ ውስጥ ምን ተባለ? ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ልጁን ያጣ ቤተሰብ ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ቤይጂንግ በነበሩባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው የድምፅ መቅረጫ ይዞ ሄዶ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን» ሊላቸው ይቻል ነበር። ዛሬ ከእሳቸው አፍ የሚሰማ ነገር የለም።

ደግሞ ሹመቱ ከሰውየው ልምድ ጋር ሲገጥም እናንተም አታወሩትም። ወይዘሮ ገነት ዘውዴ ከአሥር ዓመት በላይ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ ሕንድ ተላኩ። ያኔ ሰው «ገለል አደረጓቸው» ነው ያለው። ግን በዚያ ዘመን አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየከተማው ይከፈቱ ነበር፤ መምህራኑ ግማሹ ሕንዳዊ በሚመስልበት ሁኔታ ከሕንድ ይቀጠሩ ነበር፤ የእኛም ልጆች ለማስተርስና ለዶክትሬት ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። የትምህርት ሰው ደልሂ መቀመጡ ትርጉም ያለው ነገር ነው። አቶ ግርማ ብሩም የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ነበሩ፤ ዋሽንግተን ሄዱ። አጎዋ ለሚባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስንሟገት ለነበርን አገር ንግድን የሚያውቅ ሰው መላክ ሞኝነት አይደለም። ይህን ግን ያኔ ማን ነገረን? ዝርዝሩ ተነበበ፣ የአየር ሁኔታ ቀጠለ።

አንድ ሌላ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 71 ንዑስ አንቀጽ 3 ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል ይላል። በቃ። ሚኒስትር ሲሾም ፓርላማ ያፀድቃል፤ አምባሳደር ሲሾም አይጠየቅም። ተቀባዩ አገር ግን ይጠየቃል። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 4 እንደሚለው ሰው ከመላኩ በፊት ስሙ ለተቀባዩ መንግሥት ቀርቦ ፈቃድ ያገኛል፤ ያ መንግሥት እምቢ ቢል ምክንያቱን የመናገር ግዴታ እንኳ የለበትም። ስለዚህ ማን ሊወክለኝ እንደሆነ የቤይጂንግና የፓሪስ ባለሥልጣን ከእኔ የሕዝብ ተወካይ በፊት ይሰማል ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ። አሜሪካኖቹ አምባሳደራቸውን ሴኔት ፊት አቁመው ይጠይቁታል። አንዳንዱ የምርጫ ገንዘብ ያዋጣ ሀብታም ነው፤ የሚሄድበትን አገር በቅጡ አያውቀውም። ያም ቢሆን በአደባባይ ይፈተናል፤ ሕዝቡም ያየዋል። የእኛ ከእሱ የተሻለ ሰው ሆኖ ሳለ በሩ ተዘግቶ ያልፋል።

ሕገ መንግሥት ይሻሻል ማለቴ አይደለም፤ ያ የእኔ አቅም አይደለም። ግን ተሿሚው ከመሄዱ በፊት በፓርላማው የውጭ ግንኙነት ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሁለት ሰዓት ቢጠየቅ የሚከለክል አንቀጽ የለም። «እዚያ አገር ምን ልትሠራ ነው? ቋንቋውን ታውቃለህ? የዜጎቻችን ቁጥር ስንት ነው? ከአንተ በፊት የነበረው ምን ጀምሮ ተወ?» መልሱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ። የታክሲው ወሬ ያን ቀን ይሞታል።

በተለይ ደግሞ ወንበሩ ለማን እንደሚጠቅም አንርሳ። አምባሳደርነት የጡረታ ዋዜማ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ቪላ፣ ሹፌር፣ የብሔራዊ ቀን ግብዣ። ቤይሩትን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ ሲወድቅ አሠሪዎች የእኛን እህቶች በመኪና እያመጡ ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ አደሩ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ፤ ፓስፖርታቸው አሠሪው ጋ የቀረ ነበሩ። ከሳዑዲም እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የጀመረው ማባረር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ነው የመለሰው። የዚያን ሌሊት ሪያድ ወይም ጅዳ ስልክ የሚያነሣው ሰው ማን ነው? የፖለቲካ ክብደት ያለው ሰው ከሆነ የአገሩን ሹም ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ያናግራል። ገለል የተደረገ፣ ልቡ አዲስ አበባ የቀረ፣ «መቼ ነው የሚመልሱኝ» እያለ ቀን የሚቆጥር ሰው ከሆነ ግን ስልኩን ለጸሐፊው ይተዋል።

ያንን ደግሞ ከሌላው ጋር አያይዙት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከ60 ገደማ ሚሲዮኖቻችን ቢያንስ 30ው ይዘጋሉ ብለው ለፓርላማ ነገሩ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ። እሺ። እንደዚያ ከሆነ የቀረው እያንዳንዱ ወንበር የበለጠ ውድ ሆነ ማለት ነው። በውድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ለምን እንደተመረጠ በሁለት አንቀጽ ጽፎ ድረ ገጻችሁ ላይ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? «በዚህ በዚህ ሥራ ላይ ስለነበሩ፣ በዚያ አገር ይህን ይህን እንዲያስፈጽሙ።» ሌላ አልጠይቅም። ምክንያት የማይጻፍለት ሹመት ካለ ደግሞ እሱን ለምን እንደሾማችሁት እናንተው ዘንድ ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ ያንን ቀድማችሁ ብታውቁት ይበጃችኋል።

ሲመለሱስ? አምባሳደር አራት ዓመት ወይም ስድስት ዓመት ቆይቶ ቦሌ ያርፋል። ዘመድ ይቀበለዋል። ሪፖርት ያስገባ ይሆናል፤ ሪፖርቱ የፋይል መደርደሪያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሰውየው ቤቱ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ አማካሪ ይባላል፣ አንዳንዱ ለቀስተኛና ሠርገኛ ሆኖ ይቀራል። በየሰፈራችን እንዲህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ቡና ላይ ስታገኟቸው የሚያወሩት ጉድ ነው። የትኛው ፕሬዚዳንት በር ዘግቶ ምን እንዳለ፣ የትኛው ብድር ለምን እንደዘገየ፣ የትኛው ስምምነት በማን ስንፍና እንደከሸፈ። ያ ሁሉ በቡናው ጭስ ይበናል።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ክፍል አቋቁሙ። ሁለት የታሪክ ሰው፣ አንድ ጥሩ መቅረጫ፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚችል ጠያቂ። የተመለሰ አምባሳደር ሁሉ፣ በተለይ ከፖለቲካ የመጣው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገር። ምስጢር የሆነው 30 ዓመት ይታሸግ። ምስጢር ያልሆነው ለሚቀጥለው አምባሳደር ይሰጥ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ብትጠሩት በደስታ የሚመጣ ይመስለኛል። ገንዘቡ ከአንድ ኤምባሲ የብሔራዊ ቀን ግብዣ አይበልጥም። በሕይወት ካሉት አንጋፋዎች ጀምሩ። ሰው አይቆይም።

የቆየውንም ክፈቱ። ራስ እምሩ ከዋሽንግተንና ከደልሂ የላኳቸው ደብዳቤዎች እናንተ መዝገብ ቤት ውስጥ ካሉ፣ ከ60 ዓመት በላይ ያለፈው ወረቀት የማንንም ደኅንነት አይጎዳም። የኮንስቲቲዩሽን ሆሉ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ምን ብለው ጻፉ? አዲስ አበባስ ምን መለሰች? ስለ ሕንድ መሬትስ? ከደልሂ የጻፉትን አንድ ሰው አንብቦት ነበር ወይስ «ታይቷል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ገባ? እናንተ ጋ ለሥልጠና የሚገቡት ወጣቶች የመጀመሪያ ሳምንታቸውን በእነዚህ ወረቀቶች ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ወረቀቶቹ ከጠፉም ጠፍተዋል ብላችሁ ንገሩን፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። የአሜሪካኖቹ መዝገብ ክፍት ነው።

መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ባትሰጡኝም የሚቀጥለው የሹመት ዝርዝር ሲወጣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሁለት መስመር ምክንያት ካየሁ እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ከካቢኔ የተነሡ ሰዎች ካሉም፣ እነሱን ከወዲሁ ሹመት ያዳብር እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለውድ አንባብያን